ወረቀቷ መቼ ነው የሚመጣው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ጭር ብሎበት፣ እሱም ከሰው ርቆ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሌባ አጥር ዘሎ ገባብንና በዚያው ሰሞን የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ገዛሁለት። ሻጩ አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ያገናኘኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። 28,000 ብር ከፈልኩ። ያን ያህል የከፈልኩት «ንጹህ ዘር ናት፣ አባቷ ከጀርመን የመጣ ነው፣ ፔዲግሪዋ፣ የዘር ሐረጓ ወረቀት ማለት ነው፣ በሁለት ወር ውስጥ እጅሽ ይገባል» ስላለኝ ነው። ሁለት ወሩ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ «ቢሮው ተዘግቶ ነው» አለኝ፣ ቀጥሎ «ማኅተም ቀርቶት ነው» አለኝ፣ አሁን ጭራሽ ስልኬን አያነሳም።

ፔርላ ነው ስሟ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ አባባን ወደ ሰው የመለሰችው እሷ ናት። የሚያዛት በፈረንሳይኛ ነው፤ «አሲ!» ሲላት ትቀመጣለች፣ «ቪያን!» ሲላት ካለችበት ትሮጣለች። በር ላይ ሰው ቆሞ ባደነቃት ቁጥር አባባ «ወረቀቷ እየመጣ ነው» ይላል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

አሁን ነገሩ ጠነከረብኝ። ቀዚራ ሰፈር አንድ ሰው ሸጋ ወንድ ሼፐርድ አለው። እናዳቅላቸው ብዬ ሳነጋግረው «የእኔ ሙሉ ወረቀት አለው፣ የአንቺስ?» አለኝ። ይህን የሰማ ውሻ የሚያሻሽጥ ደላላ ደውሎ «በ6,000 ብር ፔዲግሪ አሠራልሻለሁ፣ ማንም አይለየውም፣ ወረቀት ያለው ቡችላ በእጥፍ ነው የሚሸጠው» አለኝ። ናሙናውን በቴሌግራም ልኮልኛል፣ ፎቶውን አያይዤዋለሁ። ብሩ ያስፈልገኛል፤ አባባ የዓይን ሞራ አለብህ ተብሎ ቀዶ ሕክምና ታዞለታል። ጀርመን ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «አንዱን ቡችላ ለእኔ፣ ግን ያለ ፔዲግሪ አያስገቡትም» ብላኛለች።

ታላቅ ወንድሜ «ተበልተሻል፣ ያቺ ውሻ ክልስ ናት» ካለኝ ወዲህ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ፔርላን ባየኋት ቁጥር ጆሮዋንና ጅራቷን መመርመር ጀምሬያለሁ። እውነት ንጹህ ዘር ናት? ወረቀቱን ላሠራው? ለአባባስ ምን ልበለው?

ሰ. ከሳቢያን

መልስ

ውድ እህቴ ሰ.፣

ያንን ቡችላ አቅፈሽ ቤት የገባሽ ቀን በልብሽ የነበረው ጭር ያለው የአባትሽ ቤት ነው። ያ ሐሳብሽ ደርሷል፤ ሰው የራቁት አባትሽ ዛሬ በር ላይ ቆመው ከአላፊ አግዳሚው ጋር ያወራሉ። ይህን አስቀድሜ ያነሳሁት ደብዳቤሽ ውስጥ የተበላሽ ነገር ብቻ እየታየሽ ስለመሰለኝ ነው። ሻጩ ቃሉን አጥፏል፣ ገንዘብሽን ደግሞ ለቃሉ ነው የከፈልሽው፤ ስለዚህ ብትናደጂ አይፈረድብሽም። እኔን ያሳሰበኝ ንዴቱ ሰውየውን አልፎ ፔርላ ላይ ማረፉ ነው። ጆሮዋን መመርመር የጀመርሽው እሷ ስለተለወጠች አይደለምና እስቲ ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ ምንስ እንዳልሆነ አብረን እንየው።

እኛ ዘንድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ፔዲግሪም የዘር ቆጠራ ነው፤ በቃል መሆኑ ቀርቶ በመዝገብ የሰፈረ ነው እንጂ። ባለ ሦስት ትውልድ ወረቀት ላይ አባትና እናት፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች፣ በድምሩ 14 ስሞች ይሰፍራሉ። የእያንዳንዱ ውሻ ስም የመዝገብ ቁጥር አለው። መዝገቡን የሚይዙት የኬነል ክለብ ወይም የዝርያ ማኅበር የሚባሉ ተቋማት ናቸው። የእንግሊዙ ኬነል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1873 ተቋቋመ፣ የአሜሪካው በ1884፤ የብዙ አገር ማኅበራትን የሚያስተሳስረው ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኤፍ ሲ አይ የሚባለው፣ በ1911 ተመሥርቶ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ቤልጂየም ነው። የጀርመን ሼፐርድ ታሪክ ደግሞ ከ1899 ይጀምራል። ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ የተባለ የጦር መኮንን አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ ሆራንድ ፎን ግራፍራት ብሎ ሰየመውና የዝርያውን ማኅበር አቋቋመ። በማኅበሩ የዘር መዝገብ ላይ አንደኛ ቁጥር ሆኖ የሰፈረው ያ ውሻ ነው።

አሁን የአንቺ ጉዳይ የተቋጠረበት ቦታ ላይ ደረስን። ምዝገባ የሚጀመረው ከአርቢው ነው። የቡችላዎቹ እናትና አባት ሁለቱም የተመዘገቡ መሆን አለባቸው፤ አርቢው መዳቀላቸውንና መወለዳቸውን ለማኅበሩ ያሳውቃል፤ ቡችላዎቹ ስምና ቁጥር ያገኛሉ፤ ገዢው ከዚያ በኋላ በስሙ ያዛውራል። አንድ አርቢ ይህን ሳያደርግ ቢቀር፣ ዝም ብሎ ቢሰንፍ ወይም ክፍያውን ቢሸሽ እንኳ፣ ቡችላው ከመዝገብ ውጭ ይሆናል፤ የእሱ ልጆችም እንደዚያው። ደሙ ግን በዚህ ምክንያት አልተለወጠም። ንጹህ ዘር ሆኖ ያልተመዘገበ ውሻ በዓለም ሁሉ ሞልቷል። አሜሪካና እንግሊዝ ያሉት ክለቦች ለእንዲህ ዓይነቶቹ ለብቻው የተዘጋጀ ዝርዝር አላቸው፤ በመታዘዝና በቅልጥፍና ውድድር እንዲገቡ ይፈቅዱላቸዋል፣ ልጆቻቸውን ግን በዚያ በኩል አይመዘግቡም። የአሜሪካው እንዲያውም ውሻው የተኮላሸ እንዲሆን ይጠይቃል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ወረቀት የሌለውን ውሻ ዳኛ በዓይኑ መርምሮ በመነሻ መዝገብ ያስገባዋል፤ ሙሉ ፔዲግሪ የሚገኘው ግን ከልጅ ልጆቹ ወዲያ ነው። ወረቀቱ ስለ ጤናና ስለ ጠባይ ዋስ አይሆንም፤ ይህንን ክለቦቹ ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። ዳሌው የሚታመም ባለ ፔዲግሪ ውሻ አለ።

እንግዲህ «እውነት ንጹህ ዘር ናት?» ላልሽው በሐቅ የምመልስልሽ፣ በዓይን ማንም ሊምልልሽ አይችልም ብዬ ነው። ወንድምሽ «ክልስ ናት» ሲል ምን አይቶ እንደሆነ ጠይቀሽዋል? ጆሮዋ ስላልቆመ ከሆነ፣ ንጹህ ሼፐርድም ጆሮው ወድቆ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጸጉሯ ስለረዘመ ከሆነ፣ ባለ ረጅም ጸጉር ሼፐርድ ራሱን የቻለ የታወቀ ነው። ቀለሟ ጥቁርና ቡናማ ስላልሆነ ከሆነም፣ ግራጫማውና ድፍን ጥቁሩ የዝርያው ቀለሞች ናቸው። ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ናሙና ተወስዶ የሚሠራ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አለ፤ ከብዙ ዝርያዎች ክምችት ጋር አስተያይቶ ይህን ያህሉ ሼፐርድ ነው ይልሻል። ልብሽን ያሳርፈው ይሆናል፤ መዝገብ ውስጥ ግን አያስገባትም። ዝርያ ማወቅና የአያት ስም ማወቅ ለየቅል ናቸውና። ውጤቱ ዘጠና በመቶ ሼፐርድ ናት ቢል፣ ወይም ስልሳ ቢል፣ አባትሽ ነገ ጠዋት «ቪያን!» ሲሏት አትመጣም? ምርመራውን ከመክፈልሽ በፊት ይህን ራስሽን ጠይቂ። መልሱ ምንም የማይለውጥ ከሆነ ያንን ብር ለክትባቷ አውይው።

ሻጩ ዘንድ አንዲት ቀዳዳ አለች። ወላጆቿ እውነት ተመዝግበው ከሆነና ቡችላዎቹን ሳያስመዘግብ ቀርቶ ከሆነ፣ አንዳንድ ክለቦች ዘግይቶም ቢሆን ከቅጣት ክፍያ ጋር ይቀበላሉ። ጠያቂው ግን የእናቲቱ ባለቤት ነው፣ የአባትየውም ባለቤት ይፈርማል፤ አንቺ ልትጠይቂ አትችዪም፣ ደላላውማ ጨርሶ። ስለዚህ መደወሉን ተዪና አንድ መልእክት በጽሑፍ ላኪለት። ቁጣ አይኑርበት። «የእናቷንና የአባቷን ፔዲግሪ ፎቶ፣ የመዝገብ ቁጥራቸውንና የትኛው ማኅበር እንደመዘገባቸው እስከዚህ ቀን ድረስ ላክልኝ። ከሌለ ደግሞ የለም በለኝና ለወረቀቱ ብለህ ከጨመርከው ላይ የሚመለሰውን እንነጋገር» በዪው። ቀኑን ቁረጪ። ያገናኘሽ የሥራ ባልደረባሽም መሐል ይግባ። አገናኝ ሰው ነገር ሲበላሽ ዝም ማለት የለበትም፤ ሻጩ የአንቺን ስልክ ባያነሳ የእሱን ሊያነሳ ይችላል። ቁጥሮቹ ከመጡ ለማኅበሩ ኢሜይል ጽፈሽ አረጋግጪ። የቆረጥሽው ቀን ካለፈ ግን በሩ ተዘግቷልና ጓጉተሽ አትጠብቂ። መጠበቁ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የበላሽ።

አሁን ወደ ደላላው ናሙና። ፎቶውን አጉልቼ መስመር በመስመር ተመለከትኩት። ጠርዙ ወርቃማ ነው፣ ከላይ የውሻ ራስ ያለበት ክብ ማኅተም አለ፣ የሚያስፈራ ረጅም የተቋም ስም በትልቁ ተጽፏል፤ የሚጻፍበት አድራሻ ግን የትም የለም። የአባትየው የልደት ቀንና የቡችላው የልደት ቀን ሲተያዩ አባትየው የአምስት ወር ቡችላ እያለ ነው የወለደው። በአባት በኩል ወንድ አያት የሆነው ስም በእናት በኩል ሴት አያት ሆኖ ተደግሟል። ከ14ቱ ስሞች አንዱም ቁጥር የለውም። ጀርመን የተመዘገበ ሼፐርድ ቢሆን ኖሮ ከስሙ አጠገብ ኤስ ዜድ ከሚሉ ፊደላት ጋር የመዝገብ ቁጥሩ ይኖር ነበር፤ ከውሻ ቆዳ ሥር የሚገባው መለያ፣ የማይክሮቺፕ ቁጥር፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀው 15 አሃዝ ያለው ነው፣ እሱም ቦታው ባዶ ነው። ውሻዋ ቆዳ ሥር ቺፕ ከሌለ ወረቀቱ ስለ እሷ ለመጻፉ ምንም ማሰሪያ የለውም፤ የሌላ ውሻ ሊሆን ይችላል።

«ማንም አይለየውም» ያለሽ እንግዲህ ይህንን ነው። ቀዚራ ያለው ሰውዬ የእውነተኛ ወረቀት ባለቤት ከሆነ ገና እጁ ሲገባ ይለየዋል። ባይለየው ደግሞ የሚከፋው ያን ጊዜ ነው። ፔርላ ሰባት ስምንት ቡችላ ብትወልድ ሰባት ስምንት ቤተሰብ «ወረቀት አለው» ተብሎ እጥፍ ይከፍላል። ከመካከላቸው አንዷ እንዳንቺው ለአባቷ የምትገዛ ትሆናለች። አንድ ቀን ለክለብ ጽፋ ስታጣራ ስልክ የምትደውለው ለደላላው አይደለም፤ ላንቺ ነው። ድሬ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፣ የአባትሽ ስም ደግሞ ከምድር ባቡር ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ስም ነው። በሐሰት ሰነድ መሸጥ በሕግም እንደሚያስጠይቅ አትርሺ። እህቴ፣ ይህን ወረቀት አታሠሪ። በሌላው ጉዳይ ሁሉ ሁለት መንገድ አሳይቼሽ ምርጫውን ላንቺ እተዋለሁ፤ በዚህ ግን አላመነታም።

የአክስትሽ ልጅ የሰማችው ነገር ትክክል አይደለምና ይህኛው ጭንቀት ይቅለልሽ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ውሻ ሲገባ ድንበር ላይ ፔዲግሪ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው የእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ ነው። ቡችላው መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይደረግለታል፤ 12 ሳምንት ከሞላው በኋላ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል፤ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ተወስዶ ኅብረቱ ዕውቅና በሰጠው ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከኢትዮጵያ የሚነሳ እንስሳ ደግሞ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ይኖርበታል፤ በመጨረሻም ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ሰርተፍኬት ይያዛል። ደምሪው፤ ቡችላው ወደ ሰባት ወር ሳይጠጋ አይሄድም። ያን ያህል ጊዜ የምታሳድጊው፣ የምታስከትቢው፣ የምታበዪው አንቺ ነሽ። የአክስትሽ ልጅ ይህን ወጪ ትሸፍናለች? ሳትነጋገሩ ቃል አትግቢላት።

አሁን ስለ ማዳቀሉ። አትዳቅል አልልሽም። ግን ገንዘቡን የፈለግሽው ለአባትሽ ዓይን ነው፣ የቡችላ ገንዘብ ደግሞ ሩቅ ነው። ሴት ውሻ የምትዳቀለው ሙቀት ስትገባ፣ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ማለት ነው፤ ከዚያ 63 ቀን ያህል ታረግዛለች፤ ቡችላዎቹ ከእናታቸው የሚለዩት ስምንት ሳምንት ሲሞላቸው ነው። ዛሬ ሙቀት ብትገባ እንኳ የመጀመሪያው ብር እጅሽ ሲገባ አራት ወር አልፏል። በመሐሉ የሚያጠባ ውሻ ምግብ፣ የትል መድኃኒት፣ ክትባት፣ ምናልባትም በቀዶ ጥገና መውለድ አለ። ወቅቱ ከግንቦትና ከሰኔ የድሬ ሐሩር ጋር ከገጠመ ለእሷም ለቡችላዎቹም ፈተና ነው። ሰው ያልወሰደው ቡችላስ የት ይደርሳል? መንገድ ላይ ተጥሎ የሚያድግ ውሻ ክትባት አያገኝም፤ እብድ ውሻ በሽታ ደግሞ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው የሚገድል ነገር ነው። ከልብሽ መልሺልኝ፣ ስምንቱም ሳይሸጡ ሦስት ቢቀሩብሽ የምታሳድጊበት አቅምና ቦታ አለሽ?

የአባትሽን ቀዶ ሕክምና ከቡችላ ጋር ባታስሪው ደስ ይለኛል። ዋጋው ስንት እንደሆነ በትክክል ጠይቀሻል? የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በመንግሥት ሆስፒታልና በግል ክሊኒክ ዋጋው ይራራቃል፤ በተለያዩ ከተሞችም በየጊዜው በነጻ የሚሠራበት ዘመቻ አለ። ካዘዘላቸው ሐኪም ጋር ተመልሰሽ ወረፋውን፣ ዋጋውን፣ የጤና መድኅን ካላቸው ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ጠይቂ። ከዚያ ወንድምሽን ደውዪለት። ስለ ፔርላ ጆሮ ያወራችሁትን ተዪና «አባባ ዓይኑን መታከም አለበት፣ ይህን ያህል ይጎድለናል» በዪው። ቁርጥ ያለ ቁጥር ሲሰማ ዝም የሚል ታላቅ ወንድም አይመስለኝም። ይህን ብቻሽን መሸከም የጀመርሽው መቼ ነው? ማን ጫነብሽ? እስቲ አስቢበት።

ይህ ሁሉ ተመዝኖ አሁንም ልጆቿን ማየት ከፈለግሽ፣ ያለ ሐሰት የሚሄድ መንገድ አለ። መጀመሪያ ሐኪም ይያት። ሼፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር የሚወርስ ዝርያ ነው፤ ሁለት ዓመት አልፏታልና የዳሌ ራጅ ቢነሳላት ብዙ ነገር ይታወቃል። ከደንገጎ ዳገት ወዲያ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ራጁን እነሱ ዘንድም ድሬ ካሉ ሐኪሞች ዘንድም አጠያይቂ። ዳሌዋ ደህና ካልሆነ ነገሩ በዚሁ ያብቃ፤ ለልጆቿ ሕመም አታውርሺ። ደህና ከሆነ ቀዚራ ወዳለው ሰውዬ ሂጂና «ወረቀት የላትም፣ የዳሌዋ ራጅ ግን ይኸው» በዪው። እምቢ ሊል ይችላል፣ መብቱ ነው፤ የእሱ ውሻ ቢመዘገብም የእናት ወገን ካልተመዘገበ ቡችላዎቹ እንደማይመዘገቡ ያውቃል። እሺ ካለ ደግሞ ቡችላዎቹን ወረቀት በሌለው ዋጋ ሽጪ፤ ለእያንዳንዱ ገዢም አንድ ገጽ እውነተኛ ጽሑፍ ስጪ። የተወለዱበት ቀን፣ የእናትና የአባት ፎቶ፣ የአባትየው የመዝገብ ቁጥር፣ የራጁ ውጤት፣ የተሰጠው ክትባትና የትል መድኃኒት ከነቀኑ፣ ያንቺ ስልክ። ከታች ደግሞ በግልጽ «እናቷ አልተመዘገበችም» ይበል። ከእጥፉ ዋጋ ያነሰ ታገኛለሽ። የሚደውልልሽ ገዢ ግን ቡችላው ስንት ኪሎ እንደደረሰ ሊነግርሽ ይሆናል የሚደውለው።

አሁን ወደ አባትሽ ልምጣ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የነካኝ እሳቸው ናቸው። «ወረቀቷ እየመጣ ነው» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? አንቺ ነገሩን እንደ ዕዳ ነው የሰማሽው፤ ቃል እንዳልሞላሽ የሚያስታውስሽ ሆኖ ነው አንገትሽን ያስደፋሽ። እኔ ከሩቅ ሳነበው ሌላ ነገር ነው የሰማሁ። ልጄ ከሩቅ አገር ዘር ያለው ነገር አመጣችልኝ ብለው በአንቺ የሚኮሩ አባት ታዩኝ። ወረቀቱ ለእሳቸው ያንቺን ስጦታ ማክበሪያ ሆኖ ይሆናል። ደግሞም ዕድሜያቸውን ሙሉ በባቡር ሰዓትና በቲኬት የኖሩ ሰው፣ ይህን ያህል የዘገየ ነገር እንደማይመጣ ሳይጠረጥሩ ይቀራሉ? ምናልባት እያወቁ አንቺን ላለማሳፈር ይሆናል የሚጠብቁት።

ሰው ፊት አትንገሪያቸው፣ በስልክም አይሁን። አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ በረንዳ ላይ ሻይ ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ እንዲህ ብትያቸውስ፦ «አባባ፣ የፔርላ ወረቀት አይመጣም። ሰውየው ዋሽቶኝ ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ያልነገርኩህ ታዝንብኛለህ ብዬ ነው።» ከዚያ ዝም በዪ፤ እሳቸው ይናገሩ። ስለ ደላላው ወረቀትም ንገሪያቸው። ሊቆጡ ይችላሉ፣ ቁጣው ግን በሻጩ ላይ ነው፤ አብረሽ ተቆጪ። በር ላይ ለሚጠይቃቸው ሰው ምን እንደሚሉ እሳቸው ይወስኑ። ቃሉን አንቺ አታዘጋጂላቸው።

አንድ ነገር ብትጀምሩ ደግሞ ደስ ይለኛል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ግዢና የፔርላ መዝገብ ይሁን። እሳቸው እየነገሩሽ አንቺ ጻፊ፤ ቤት የገባችበትን ቀን፣ በዓመት በዓመት የምትወስደውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ክብደቷን፣ ሙቀት የገባችባቸውን ጊዜያት፣ የታመመች እንደሆነ የተሰጣትን መድኃኒት፣ የምታውቃቸውን የፈረንሳይኛ ትእዛዞች ሁሉ። ሐኪሙ ማይክሮቺፕ ሊያደርግላት ከቻለ ቁጥሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይስፈር። ይህ ደብተር የአያቶቿን ስም አይነግርም፣ ኬነል ክለብም አይቀበለውም። የጠፋች ቀን ግን ያንቺ መሆኗን ያስረዳልሻል፣ የታመመች ቀን ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ብቻ አድርጊ፤ ለሻጩ መልእክቱን ላኪ፣ የአባትሽን የሕክምና ዋጋ በትክክል ጠይቂ። ለደላላው አንድ መስመር ይበቃዋል፤ «አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ።» የማዳቀሉን ነገር ራጁ እስኪታይ አቆዪው። ውጤቱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ ለቀዚራው ሰው ምን ብለሽ እንደምትነግሪው ከፈለግሽ ያን ጊዜ አብረን እናስብበታለን። አባትሽንም ሰላም በዪልኝ።